ጓዳና ገበያ፦ የከተማ ፕላንና የንግድ ሕግ በቤት ውስጥ በሚሠሩ ጥቃቅን ንግዶች ላይ

በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ ጥቃቅን ንግድ የሚባለው፣ ሰው ከሚኖርበት ግቢ ሳይወጣ በቤተሰቡ ጉልበትና በጓዳው ዕቃ ሠርቶ ለጎረቤትና ለአላፊ አግዳሚ የሚሸጠው ነገር ነው። ጠላ ጠማቂዋ፣ አረቄ አውጪዋ፣ እንጀራ ጋግራ ለሻይ ቤት የምታስረክበው፣ በረንዳዋ ላይ ጀበና የጣደችው፣ በመስኮት ጨውና ሳሙና የሚሸጠው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ሹሩባ ሠሪዋ፣ ሞባይል ጠጋኙ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሚያመሳስላቸው የሥራው ዓይነት አይደለም። ምጣዱና አልጋው፣ ደንበኛውና ልጁ፣ ገበያውና ጓዳው በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ በስሙ ጠርቶ የሚያስተዳድር አንድ ሕግ የለም። ስለ ሌላ ጉዳይ የወጡ ብዙ ሕጎች ግን ይነኩታል። የከተማ ፕላን ሕግ ቦታው ለምን እንደሚውል ይናገራል፤ የሕንፃ ሕግ ቤቱ ለምን እንደተሠራ ይጠይቃል፤ የሊዝ ሕግ ይዞታው በምን ውል እንደተያዘ ያያል፤ የንግድ ምዝገባ ሕግ አድራሻ ይፈልጋል፤ የግብር ሕግ ገቢ ይገምታል፤ የጤና ቁጥጥር ወጥ ቤቱን ይመረምራል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንዲት ጠላ ሻጭ ደጃፍ ላይ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን ሕጋዊ የመሆኑ ወጪ ከሥራው ገቢ በላይ ይሆንና ሥራው በዝምታ እንዲቀጥል ይገፋፋሉ።

ጉዳዩ በትላልቅ ከተሞች ብቻ የሚታይ አይደለም። እንዲያውም ጎልቶ የሚታየው እንደ አገው ግምጃ ቤት ባሉ የወረዳ ከተሞች ነው። አገው ግምጃ ቤት በአዊ ብሔረሰብ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ሲሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ ከሆነችው ከእንጅባራ ብዙም አይርቅም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 982,942 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 123,014 ሰው ብቻ፣ ማለት ከስምንት አንድ እጅ ነበር። በእንዲህ ያለ አካባቢ ከተማ የሚባለው በገጠር የተከበበ ገበያ ነው። ገብስ፣ ድንችና ስንዴ ጭኖ የመጣው ገበሬ ከመመለሱ በፊት የሚቀመጥበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ያ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ሴት መኖሪያ ነው። በደጁ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ከታየ፣ ጠላ ወይም አረቄ እንዳለ ማንም ያውቃል። ያ ጣሳ ከማናቸውም የንግድ ፈቃድ በዕድሜ ይበልጣል።

ቤትና ሥራ እንዴት ተለያዩ

መኖሪያና መሥሪያ ይለያዩ የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ የቤት አሠራር ውስጥ የበቀለ አይደለም። ሸማኔው ጉድጓዱን የሚቆፍረው በገዛ ቤቱ ነው፤ ቀጥቃጩ ወናፉን የሚተክለው በግቢው ነው። እነዚህን ባለ እጆች ማኅበረሰቡ ያገላቸው ስለ ሙያቸው እንጂ ስለ ሥራ ቦታቸው አልነበረም።

ሐሳቡ በሕግ የተደነገገው በኢንዱስትሪ ከተሞች ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ1916 እ.ኤ.አ. አጠቃላይ የቦታ አጠቃቀም ደንብ አወጣች፤ በ1926 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሃዮዋን ዩክሊድ መንደር በሚመለከተው ክርክር፣ ከተሞች መኖሪያን ከንግድና ከፋብሪካ የመለየት ሥልጣን እንዳላቸው ወሰነ። መነሻው የፋብሪካ ጭስና ጩኸት ነበር። የተሠራው አጥር ግን ፋብሪካውን ብቻ አላስቀረም፤ በቤቷ ልብስ የምትሰፋዋንም ከውጭ አስቀራት።

ወደ ኢትዮጵያ በግልጽ የመጣው ከዚያ በከፋ መልክ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት የተነደፈው ፕላን ከተማውን በዘር ከፈለ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አስነሥቶ ዛሬ መርካቶ በሚባለው ስፍራ የሀገሬው ሰው ገበያ አድርጎ ደለደለው። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ ንጽሕናን፣ ሕንፃንና ገበያን የመቆጣጠር ሥልጣን ለማዘጋጃ ቤት ሰጠ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። በቀበሌ የሚተዳደሩት ቤቶች የመኖሪያና የንግድ ተብለው በኪራይ ውል ተለዩ። የመኖሪያ የቀበሌ ቤት ይዞ በመንገድ በኩል በር ከፍቶ መሸጥ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ከቀበሌ ጋር የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።

ፕላኑ ምን ይላል

አሁን የከተሞችን አቀማመጥ ከሚገዙት ሕጎች ዋናው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ ለአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል፤ ለ10 ዓመት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላንና የአንድን ሰፈር ዝርዝር የሚይዘው የአካባቢ ልማት ፕላን። መዋቅራዊ ፕላኑ የመሬት አጠቃቀምን በቀለም ይለያል፦ መኖሪያ፣ ንግድ፣ አስተዳደር፣ ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴ፣ መንገድ። በአገሪቱ የከተማ ፕላን ሥራ ላይ የሚጠቀሰው መለኪያ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ነው።

በቤት ውስጥ ለሚሠራው ሰው ከቀለሞቹ ሁሉ ትልቁ «ቅይጥ» የሚባለው ነው። ቅይጥ መኖሪያ በተባለ ቦታ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት ወይም ሻይ ቤት መክፈት ከፕላኑ ጋር አይጋጭም። መኖሪያ ብቻ በተባለ ቦታ ግን ያው ሱቅ «ከፕላን ውጭ» ይባላል። መስመሩ የሚሰመረው ደግሞ ወረቀት ላይ ነው። በትንሽ ከተማ ንግድ የሚለው ቀለም ብዙ ጊዜ በአስፋልቱ ወይም በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ይቀባል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ሁሉም መኖሪያ ይሆናል። የሰፈር ንግድ ግን መንገድ ዳር ብቻ አይኖርም። እናት ልጇን ለጨው የምትልከው ወደ ውስጥ ነው፤ ገበያተኛው ለጠላ የሚጠልቀውም ወደ ውስጥ ነው።

በመንገድ ዳር ያለውም ቢሆን አይድንም። በዋና መንገድ ዳር ለሚሠራ ሕንፃ ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት የሚጠይቁ ከተሞች አሉ። ባለቤቱ ፎቅ መሥራት ካልቻለ የጭቃ ቤቱን ማደስም ይቸግረዋል፤ ቦታው በካርታ ንግድ ተብሎ ሳለ ንግዱ እያረጀ ባለ ግድግዳ ውስጥ ይቀጥላል። መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው በረንዳው ነው። በረንዳ ማለት የጀበናዋ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ የድንች ጥብሱና የጉሊቱ ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሰፊው የተካሄደውና ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች የሄደው የኮሪደር ልማት ይህን በሰፊው አሳይቷል፦ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የውኃ መውረጃ ተሠራ፤ ከመንገዱ ጋር የተጣበቁ ትናንሽ ቤቶችና ሱቆችም ተነሡ። ለፈረሰ ቤት ካሳ ወይም ምትክ የሚሰጥ ሕግ አለ። የሚለካው ግን ግንባታውና ይዞታው ነው፤ አንዲት ሴት በዚያ መስኮት በኩል ለዓመታት ያፈራችው ደንበኛ በካሳ ስሌት ውስጥ እንዲገባላት ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ ይጠየቃሉ። ያልተመዘገበ ንግድ ሲፈርስ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከቁጥጥር ርቆ የመኖር ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ አንዴ፣ በፈረሰበት ቀን ነው።

ሕንፃውና ይዞታው

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ትናንሽ መኖሪያ ቤቶችን ቀላሉ ውስጥ ያስገባል። ከተሞችንም በነዋሪ ብዛት ለይቶ፣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ላይ እንዲፈጸም፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ክልሎች እንዲወስኑ ይተዋል። ለቤት ውስጥ ንግድ የሚከብደው የአገልግሎት ለውጥን የሚመለከተው ድንጋጌ ነው፦ ለአንድ አገልግሎት የተፈቀደ ሕንፃ ያለ ፈቃድ ለሌላ አገልግሎት መዋል አይችልም። ድንጋጌው ትልቅ መጋዘን ወደ ትምህርት ቤት ሲለወጥ የሰው ሕይወት ይጠብቃል። አንዲት ክፍል ቀን ቀን ፀጉር ቤት፣ ማታ ማታ መኝታ ስትሆን ግን አገልግሎቱ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም? አዋጁ በግማሽ ስለሚለወጥ ቤት አያስብም፤ መልሱ በባለሙያው ፊርማ ላይ ይወድቃል።

በይዞታ በኩል የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሰጥ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት ይሰጣል። የአጠቃቀም ለውጥ በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ከፕላኑ ጋር መስማማቱ ታይቶ ይፈቀዳል። ስለዚህ ለመኖሪያ ቦታ ያገኘ ሰው ለአንዲት መስኮት ሱቅ ብሎ ይዞታውን ወደ ንግድ ማዞር ዘመን የሚያሳጥርና ክፍያ የሚያስከትል ውሳኔ ይሆንበታል። ማንም አስተዋይ ሰው ይህን አያደርግም። በከተማ ዳርቻ፣ ትናንት የገጠር መሬት በነበረው ላይ ለሚኖሩት ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፤ ሰነድ አልባ በሆነ ቤት፣ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት በሚለው ውስጥ ለሚሠራ ሰው የይዞታ ማስረጃ ራሱ የለም።

ተከራዮች ሌላ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይጠይቃል፤ ይህ ለተከራይ ትልቅ ዋስትና ነው። የሚጠብቀው ግን ለመኖሪያ የተከራየውን ቤት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ ቤቱን በውሉ በተባለው አገልግሎት ላይ ማዋል አለበት። በተከራየችው አንድ ክፍል እንጀራ የምትጋግር ሴት አከራይዋ ዝም እስካለ ድረስ ትሠራለች፤ ጭሱ ጣሪያውን አጠቆረ ያለ ቀን ግን የምትከራከርበት ውል የላትም።

ፈቃድና አድራሻ

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 እንደተሻሻለው፣ ማንም ሰው የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖረው የንግድ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ለሚተላለፈውም የገንዘብ መቀጮና እስራት ያስቀምጣል። ፈቃድ ለማውጣት ከሚጠየቁት ውስጥ የሥራው አድራሻ ማስረጃ አለ፦ የራስ ቤት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከሆነ ሰው የተከራዩት ከሆነ የኪራይ ውል። የይዞታ ካርታው በባል ወይም በሟች አባት ስም ሆኖ ሥራውን የምትሠራው ሚስት ወይም ልጅ ስትሆን ጉዳዩ እዚህ ላይ ይቆማል። ለአንዳንድ ሥራዎች ከፈቃዱ በፊት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይጠበቃል፤ ምግብና መጠጥ ከእነዚህ ናቸው።

በዚህ ላይ ነጋዴ ማን ነው የሚለው መስመር ራሱ ጠመዝማዛ ነው። እስከ 2013 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከሚያለማው መሬት ያገኘውን የሚሸጥ ገበሬን ነጋዴ አይለውም ነበር፤ በዋናነት በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ባለ እጅም ከነጋዴ ይለይ ነበር። በዚያ አከፋፈል ግምጃ ቤት ገበያ ላይ ገብሱን የሚሸጠው ገበሬ ነጋዴ አይደለም። ያንኑ ገብስ ገዝታ፣ አብቅላ፣ ቆልታ፣ ከጌሾ ጋር ጠንስሳ በጣሳ የምትሸጠው ሴት ግን ነጋዴ ናት። ከገብስ እስከ ጠላ ያለው ሥራ ከእርሻው ያነሰ ልፋት ስለሌለው፣ መስመሩ የተሰመረው በሥራው ክብደት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቀርከሃ ሠሪዎችም ያው ናቸው። እንጅባራ ዙሪያ በመንገድ ዳር የሚታዩት የቀርከሃ ወንበሮችና አልጋዎች የእጅ ሥራ ናቸው፤ ሠሪው ራሱ ሲሸጥ ባለ እጅ ነው፣ የጎረቤቱን ሥራ ጨምሮ ሲሸጥ ግን ወደ ነጋዴነት ይሻገራል። በመንገድ ዳር ቆሞ ይህን መለየት ለደንብ አስከባሪም ለሠሪውም አይቀልም።

በምዝገባው በኩል አሠራሩን ለማቅለል በአገር ደረጃ ሙከራ ተደርጓል፤ ምዝገባና እድሳት በኢንተርኔት እንዲሆን ተሞክሯል። ይህ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እፎይታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠባቸው ከተሞች ግን በስልክ መስመር ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት እምነት የሚጣልበት አልሆነም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከመንገድ ርቆ የሚቀጥለው የጓዳ ንግድ ነው፤ ገበያ ሲዘጋ ጎረቤት ከጎረቤት ይገዛል።

ግብርና የቀን ገቢ ግምት

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ ዓመታዊ ሽያጩ 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ያለው «ለ»፣ ከ500,000 በታች ያለው «ሐ»። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አውርዶ ወሰኑን 2,000,000 ብር ላይ አደረገ። በቤት የሚሠሩት ሁልጊዜም ዝቅተኛው ደረጃ ውስጥ ናቸው፤ መዝገብ ስለማይይዙም ግብራቸው በግምት ይቆረጣል።

ግምቱ ምን ያህል ሊያስቆጣ እንደሚችል በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ታይቷል። የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ትናንሽ ነጋዴዎች ቅሬታ አሰሙ፤ በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘጉ። ገማቹ የሚያየው የቆመውን ዕቃና የሚገባውን ደንበኛ ነው። በቤት ንግድ ግን ከጋኑ ውስጥ የሚቀዳው ሁሉ ሽያጭ አይደለም፦ ለማኅበር፣ ለደቦ፣ ለዘመድ የሚቀርበውም ከዚያው ጋን ነው። የቤተሰቡን ከገበያው መለየት ለባለቤቷም አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ከግብሩ መጠን ይልቅ የግምቱን አለመታወቅ ይፈራሉ። አስቀድሞ የታወቀ፣ በሥራው ዓይነት የተቆረጠ፣ በየዓመቱ የማይለዋወጥ ትንሽ ክፍያ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ቤት በፈቃድ ይሰበሰብ ነበር።

ከንግድ ግብሩ ሌላ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የተጀመረው የቦታ ኪራይና የቤት ታክስ አለ፤ ሕዝቡ የቦታና የጣሪያ ግብር ይለዋል። መብራቱም የራሱ ደንብ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ለቤተሰብ የተሰጠ ቆጣሪ በቀን ለብዙ ሰዓት ለገበያ ሲጋገርበት የቤተሰብ ፍጆታ መሆኑ ይቀራል። ብየዳና ወፍጮ ደግሞ ሦስት ፌዝ ስለሚፈልጉ ከመኖሪያ ሰፈር የሚወጡት ከፕላኑ በፊት በመስመሩ ነው።

ጭሱ፣ አተላውና ጎረቤቱ

የቁጥጥሩ ሁሉ ምክንያት ጎረቤትን መጠበቅ ነው ከተባለ፣ ጎረቤቱ በእውነት የሚጎዳው በምን እንደሆነ መታየት አለበት። እንጀራ ጋጋሪ ቤት የሚያወጣው ጭስ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው፣ ምርጥ የተባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ መጀመሪያም ከታሰበላቸው ውስጥ ለሽያጭ የሚጋግሩት ይገኙበታል። የአረቄ ቤት ጉዳት ጭሱ፣ እሳቱና የሚሰክረው ሰው ነው። የጠላ ቤት ጉዳት ደግሞ አተላው ነው፤ ከብት ያለው ጎረቤት ካለ መኖ ይሆናል፣ ከሌለና ወደ ቦይ ከተደፋ ግን ሰፈሩን ያገማል። የብየዳ ቤት ጉዳት ድምፅና ብልጭታ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ሹሩባ ሠሪና ሞባይል ጠጋኝ ማንንም አይጎዱም ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው፣ ይህን ለመለየት የሚበቃ ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መኖሩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ ቤቱ የመኖሪያ ነው ወይስ የንግድ ብሎ አይጠይቅም። ምን ወጣ፣ ማንን ነካ፣ ከጉርብትና ልክ አለፈ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የፕላን ሕጉ ስለ አድራሻ በሚያስብበት ቦታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሰው ያስባል። ለትንሽ ከተማ የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በትንሽ ከተማ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ሽማግሌ አለ፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ አተላውን በበርሜል በማጠራቀም ወይም የጭስ ማውጫውን ከፍ በማድረግ ያልቃል።

ጤና ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቸልተኝነት አይገባም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከቤት የሚወጣ ምግብም ቢሆን ሰው እንዳይጎዳ ይፈልጋል። እንጀራ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲቀላቀል፣ አረቄ በማይገባ ዕቃ ሲወጣ የሚታመመው በአብዛኛው ያው ደሀ ጎረቤት ነው። ጥያቄው ቁጥጥር ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያስተምረውና የሚለካው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። የውኃውን ንጽሕና፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የእጅ መታጠቢያውን ማየት ሰውን ከበሽታ ያድናል። የክፍሉን ስፋትና የጣሪያውን ከፍታ እንደ ሆቴል መለካት ግን ቤቱን ከመዝጋት በቀር የሚያድነው ሰው የለም።

ሼድና ሌሎች መንገዶች

መንግሥት ለጥቃቅን ሥራዎች ያቀረበው ዋና አማራጭ ከቤት ማስወጣት ነው። የመጀመሪያው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራውን፣ በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከ50,000 ብር ያልበለጠ ጠቅላላ ሀብት ያለውን ተቋም ጥቃቅን ብሎ ሰየመ። ለእነዚህ የመሥሪያ ሼድ ተሠራ፣ ብድርና ሥልጠና ተመቻቸ። ለብረት ሠሪና ለእንጨት ሠሪ ሼድ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ጩኸቱን ከሰፈር ያወጣል፣ ሦስት ፌዝም ያስገባል። ለጠላ ጠማቂዋና ለእንጀራ ጋጋሪዋ ግን ሼድ ማለት ሕፃን ልጅን፣ የታመመ አባትንና ከብትን ጥሎ መሄድ ነው። ሥራው ከቤት የሆነው የቤቱን ሥራ ከገቢው ጋር ለማስኬድ ነውና ሲለያይ ሁለቱም ይወድቃሉ። በአዲስ አበባ ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ብዙ ሴቶች ያጡት ይህን ነው፦ ቤታቸው ተሻለ፣ ምጣዳቸውና ደንበኛቸው ግን ቀረ።

ከሌላው ዓለም ልምድ ውስጥ ለዚህ አገር የሚቀርበው የጃፓን ነው። በጃፓን የቦታ አጠቃቀም ሕግ ከሁሉ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ቀጠና እንኳ ከቤት ጋር የተያያዘ ትንሽ ሱቅ ወይም የሥራ ክፍል ይፈቀዳል፤ የሥራው ወለል ከ50 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥና ከቤቱ ግማሽ እንዲያንስ ይጠየቃል። በዚህ ልክ ውስጥ ያለ ሥራ የአጠቃቀም ለውጥ አይባልም። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ደግሞ በቤት ወጥ ቤት ምግብ ሠርቶ መሸጥን ሲፈቅድ በመጀመሪያ በቀን 30፣ በሳምንት 60 ምግብ ላይ ገደብ አኑሮ ነበር፤ በግዛቲቱ እንዳሉት ኢትዮጵያውያን ያሉ፣ በቤታቸው ለሚያውቁት ሰው ምግብ ሠርተው መሸጥ ለሚፈልጉ ስደተኞች በር የከፈተ ሕግ ነው። ሕንድ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ መንገድ ዳር ሻጮች ባወጣችው ሕግ ሻጮች ሳይቆጠሩ እንዳይነሡ፣ በየከተማው የሚቋቋመው ኮሚቴም 40 በመቶው ከሻጮቹ፣ ከእነሱም ሢሶው ሴቶች እንዲሆኑ አዘዘች። የጃፓኑንና የካሊፎርኒያውን የሚያገናኛቸው ትንሽነትን በቁጥር መግለጻቸው ነው። ይህ ከተባለ ፈቃድ ሰጪው መገመት፣ ሻጩም መፍራት ይቀርለታል።

የአንድ የወረዳ ከተማ ፕላን ይህን ለመጻፍ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። መኖሪያ በተባለው ቀለም ሥር የሚፈቀዱ ሥራዎችን በስም መዘርዘር ይችላል፦ ስፌት፣ ሽመና፣ ሹሩባ፣ ጥገና፣ የመስኮት ሱቅ፣ በተወሰነ ምጣድ ብዛት እንጀራ፣ በተወሰነ ጋን ብዛት ጠላ። አረቄንና ብየዳን ለብቻ፣ በርቀትና በእሳት ጥንቃቄ ማየት ይችላል። መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ 10 ዓመት ስለሆነ የመለወጫው ጊዜ በየአሥር ዓመቱ ይመጣል፤ አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠይቃል። ውይይቱ በሥራ ሰዓት በአዳራሽ ሲጠራ የሚገኙት ባለ ካርታዎች፣ ባለ ሕንፃዎችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። በዚያው ሰዓት ጠማቂዋ ጋኗን ታጥባለች፣ ጋጋሪዋ ምጣዷ ላይ ናት፤ በረቂቁ ካርታ ላይ የሰፈራቸው ቀለም ምን እንደሆነ የሚሰሙት ከጸደቀ በኋላ፣ ደንብ አስከባሪው በራቸውን ሲያንኳኳ ነው።